ሰው የማትፈራዋ ወፍ

ልጅ ሳለሁ ስለ ባህር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ክረምት ካልሆነ በቀር ጉልበት የሚደርስ ውሃ በማይታይበት በአሰበ ተፈሪ ተወልጄ አፌን ሞልቼ «ማዕበል»፣ «ሸራ»፣ «ደሴት» እል ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ደሴት ማለት ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁ እጄን ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁና «ወፏ የማትወጣበት መሬት ነው» ብዬ ክፍሉን በሳቅ አፈረስኩት። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያስተማሩኝ ሰው እንደዚያ ነበር ያስተማሩኝ።

አባ ዑመር ይባላሉ፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈታት የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ። አባቴ ጨርቁን ለክቶ ይቆርጣል፣ እሳቸው እዚያው ይሰፉታል፤ ገበሬው ጠዋት ጨርቅ ገዝቶ ከሰዓት በኋላ አዲስ ሱሪ ለብሶ ወደ አገሩ ይወጣል። ማደሪያቸው ከግቢያችን ጀርባ፣ በሩ ወደ ኋለኛው ቀጭን መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ነበር። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ምሳና እራታቸው ከእኛ ቤት ነው የሚሄደው። ክርስቲያን ያረደው ሥጋ ስለማይበሉ እናቴ የእሳቸውን ወጥ በሌላ ድስት ትሠራለች፤ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

ተወልደው ያደጉት ገለምሶ ነው። በጎረምሳነታቸው ጫት አስጭነው ከሚኤሶ በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ከጅቡቲ ዓደን ተሻገሩ። እዚያ ሸራ የሚሰፋ ሰው ሲፈለግ መርፌ ይዘው የማያውቁት ሰውዬ «እኔ እችላለሁ» ብለው ሳምቡክ በሚሏት የሸራ ጀልባ ላይ ወጡና ስምንት ዓመት እዚያው ላይ ቀሩ። አማርኛን የለመዱት ከተመለሱ በኋላ ስለሆነ ለአባቴም «አንተ»፣ ለቄሱም «አንተ»፣ ለአስተዳዳሪውም «አንተ» ነበር የሚሉት፤ ማንም አልተቀየማቸውም። ጥርስ የሚባል ነገር አፋቸው ውስጥ አልነበረም። «ባህሩ በላው» ይሉ ነበር፤ እርጅና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጫታቸውን ግን አልተዉም። እንደ አገሩ ሽማግሌዎች ቀምበጥ ቀምበጡን መርጠው በትንሽ የእንጨት ሙቀጫ ይወቅጡና ስኳር ጣል አድርገው በጣታቸው ይወስዱታል። ከሰዓት በኋላ የሙቀጫው ኳ ኳ ሲሰማ እናቴ «ደግሞ ባህር ሊገቡ ነው» ትላለች፤ እኔ ደብተሬን ወርውሬ እሮጣለሁ።

ያኔ የከተማው መብራት መጣ ሲሉት የሚሄድ ነገር ነበር። ፀሐይ ወደ ተራሮቹ ስታዘነብል አባ ዑመር የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙን ቆርቆሮ ላይ ይደፉታል። የጭሱ፣ የማሽኑ ዘይትና ካውያው ሲተኩሰው የዋለው አዲስ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ በአፍንጫዬ ሲገባ፣ ፋኖሱ ተለኩሶ ምስማሩ ላይ ሲሰቀል፣ ታላቅ ወንድሜ ዘሪሁን የሱቁን መዝጊያ ግማሹን ዘግቶ ሲመጣና ጣቃ ላይ ሲቀመጥ፣ ያኔ ነው ተረቱ የሚጀመረው። ተረት ልበለው እንጂ ጅብም አንበሳም የሌለበት፣ ስለ አንዲት ወፍ ብቻ የሚወራ ነገር ነበር።

«ያ ቢንቲ፣» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዓረቦቹ ያመጡት ቃል ነው። «ከሶቆጥራ ደሴት ወዲህ ሌላ አንድ ደሴት አለች። ትንሽ ናት። ጠዋት መዞር ብትጀምሪ ቀትር ላይ ለዙህር ሶላት ከጀመርሽበት ትደርሻለሽ። ወፏ እዚያ ብቻ ናት። ዓደን የለችም፣ ሶቆጥራ የለችም፣ አንቺ አገር የለችም። እዚያ ብቻ!»

ወፏ አመድማ ናት፤ የእኛን የጣሪያ ድንቢጥ ታክላለች። ዛፍ ስለሌለ ጎጆዋን የምትሠራው በድንጋይ ሥር ነው፤ ነፋሱ ሌላውን ሁሉ ይወስደዋል። ወንዝ ስለሌለ የምትጠጣው ጎህ ሲቀድ ዓለት ላይ የሚቋጠረውን ጤዛ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ቀኑን ሙሉ ጠማት ማለት ነው። የሣር ፍሬ ትለቅማለች፤ ባህሩ የተፋው አረም ላይ የሚሰፍረውን ዝንብ ትይዛለች። ዝናብ ከዘነበ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ካልዘነበ ዓመቱን እንዲሁ ታሳልፈዋለች። ይህን ሁሉ አባ ዑመር በአንድ ምሽት አይደለም የሚነግሩን። ዛሬ ጎጆዋን፣ ነገ ምግቧን እያሉ ነው፤ የረሱት ካለ እኔ አስታውሳቸዋለሁ።

«ቆንጆ ነው የምትዘምረው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አይ፣ ቆንጆ አይደለም።» መዋሸት አይሆንላቸውም። «ጎርናና ናት። ሦስቴ ትላለች፣ ዝም ትላለች። ሦስቴ ትላለች፣ ዝም ትላለች። ሰው ጠርተሽ ‹አቤት› እስኪልሽ ዝም እንደምትይው።» ከዚያ ሊያሰሙን ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ያፏጫሉ። በድድ ምን ፉጨት ይወጣል! ፍሙ ላይ ያለው አመድ ብን ይላል፣ እኛ በሳቅ እንሞታለን። የወፏን ድምፅ እንግዲህ ከዚያ በላይ ሰምቼው አላውቅም።

በሦስት ሰዓት የሸራ መንገድ ላይ ሌላ ደሴት አለ። እዚያም ያቺው ወፍ አለች፤ ግን አይደለችም። የዚያኛው ሣር ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ምንቃሯ ወፍራም ነው፣ ዜማዋም ሌላ ነው። አባ ዑመር ጥርስ በነበራቸው ዘመን የመጀመሪያዋን ደሴት ዜማ ሁለተኛዋ ላይ ቆመው አፏጩ። አንዲትም ወፍ ዞራ አላየችም። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣» ይላሉ፣ «ግን አይሰማሙም። ውሃው ለያያቸው፤ ረሱ።»

ዘሪሁን ነገር ማላገጥ ይወድ ነበር። «አባ ዑመር፣ ክንፍ አላት አይደል? ለምን በርራ አትሄድም ታዲያ?»

«የት ትሂድ? አንተ እግር አለህ፤ የት ሄድክ?»

አባቴ ሳይቀር ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀ።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ነገር ነበር። ወፏ ሰው አትፈራም። አባ ዑመር ባህር ዳር ተቀምጠው ሸራ ሲሰፉ ቆባቸው ላይ ታርፋለች። ክሩን ከመርፌያቸው ትጎትታለች፤ ለጎጆዋ ነው። ፍርፋሪ ሲዘረጉላት ከመዳፋቸው ትበላለች። «ጥፍሯ እዚህ፣» ይሉና የቀኝ መዳፋቸውን ያሳዩኛል፣ «እዚህ ጋ ይቆረቁራል። ደፋር ስለሆነች አይደለም። ፍርሃት ልጅ ከእናቱ ነው የሚማረው። እናቷም አታውቅም፣ አያቷም አታውቅም። ማን ያስተምራት?»

እኔም ማሽላ በመዳፌ ይዤ ጓሮ ቆምኩ። እጄ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። የአሰበ ተፈሪ ወፍ ግን ወንጭፍ ያሳደገው ወፍ ነው፤ ጣሪያው ጫፍ ሆኖ አንገቱን ያዞርና «ወግጂ» የሚለኝ ይመስላል። ስንት ቀን እንደሞከርኩ እኔ አውቃለሁ። አንድ ነገር፣ አንድ ነፍስ ያለው ነገር፣ ሳይፈራኝ ወደ እጄ እንዲመጣ ፈለግሁ። የልጅ ምኞት ነው፤ ኃጢአት የለውም ትላላችሁ። ቆዩ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል አፈሳው መጣ። ብሔራዊ ውትድርና ነው ስሙ። መጀመሪያ በስም ዝርዝር ነበር፣ በጭብጨባና በባንዲራ። ኋላ ዝርዝሩ ቀረና ጎረምሳ ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከሠርግ ዳስ ሳይቀር ይለቀም ጀመር። ዘሪሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ አልመጣለትምና አባቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይለካል። ከእሱ ጋር የተማረ የጎረቤታችን ልጅ በሄደ በስድስት ወሩ መርዶው መጥቶ ነበር፤ እናቴ ከለቅሶ ቤቱ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ «እኔን አፈር ይብላኝ እንጂ ልጄን አልሰጥም» አለች።

ቤታችን ሁለቴ ተፈተሸ። ዘሪሁን አንዴ ጣሪያ ሥር፣ አንዴ ጣቃዎቹ መሃል ተሸሽጎ ዳነ። በሦስተኛው እንደማይድን ሁላችንም ገብቶናል። አባ ዑመር ማንም ሳይጠይቃቸው አባቴን ጠሩት።

«ልጁን ለኔ ስጠኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጥርስ የለኝ። የኔን ቤት ማን ይፈትሻል?»

አባቴ ለማንም አንገቱን የማይደፋ ነጋዴ ነበር። ጎንበስ ብሎ የአባ ዑመርን እጅ ሳመ። ይህንን በዓይኔ ነው ያየሁት።

እንግዲህ ዘሪሁን እዚያች ክፍል ገባ። ቀን ቀን አባ ዑመር በረንዳቸው ላይ ሲሰፉ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የእኔ አንገት ላይ ነው። እንደ ድሮዬ የአባ ዑመርን ምግብ በዘንቢል ይዤ እሄዳለሁ፤ ዘንቢሉ ትንሽ ከበድ ከማለቱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ዘሪሁን ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ሁለተኛው ወር ላይ ግድግዳውን በጣቱ መቧጨር ጀመረ። ያኔ አባ ዑመር ጫት አስለመዱት። ምን ያድርጉ? ቀኑን የሚገድልበት ሌላ ምን ነበረ? የእሳቸውን ቀምበጥ እንደ ወትሮው ከገበያ፣ የእሱን እስር ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ ከገለምሶ ሴት ይገዛሉ፤ ከአንድ ሰው ሁለት እስር ቢገዙ ነገር ይሆናል። የሱን ሱሪያቸው ውስጥ ደብቀው ነበር የሚያመጡት።

ከጫት በኋላ የሚተርፈውን ሻካራ ቅጠልና እንጨት ገረባ ይሉታል። አገሬን የማያውቅ ሰው ገረባ ቆሻሻ ይመስለዋል። በእኛ ከተማ ግን ደጃፍ ላይ የተጣለ ገረባ አይቶ፣ ውስጥ ስንት ሰው እንደተቀመጠ፣ ጫቱ የየት አገር እንደሆነ፣ ሰዎቹ ሀብታም ይሁኑ ደሃ የማይነግርህ የለም። ስለዚህ አባ ዑመር አስጠነቀቁኝ። «ያ ቢንቲ፣ ገረባው ለእሳት ነው። ውጭ አይጣልም። ዘንቢል ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር፣ እናትሽ ምድጃ። ሰው ገረባ ያነባል።» ወላሂ በዪ አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ወላሂ አልኩ።

ፍየሎቹ ባይኖሩ ቃሌን እጠብቅ ነበር። የአሰበ ተፈሪ ፍየሎች እረኛ የላቸውም። አሥር ሰዓት ሲል በየደጃፉ እየዞሩ የቃሚውን ገረባ ይለቅማሉ፤ የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት ያውቃሉ። አንድ ቀን ቆልፌ ስወጣ አንዲት ጆሮዋ ጥቁር ፍየል ዘንቢሌን አሸተተችና ቆመች። ከጨርቁ ሥር ትንሽ ቅጠል አወጣሁና መዳፌን ዘረጋሁ። መጣች። አልፈራችም። ሞቃት ከንፈሯ መዳፌን ሲዳስሰው ከጥፍሬ እስከ ፀጉሬ ነዘረኝ፤ ብቻዬን ቆሜ እየሳቅኩ ዕንባዬ መጣ። በማግሥቱ ሦስት ሆኑ። በሳምንቱ በሩ ላይ ቀድመውኝ ይጠብቁኝ ጀመር። ቅጠሉን እበትነዋለሁ፤ እነሱ አንድም አይተዉም። ታዲያ ከተበላ ምን ችግር አለው አልኩ። እንጨቱን ፍየል እንደማይበላው ልብ አላልኩም፤ እግሬ ሥር ይወድቃል፣ እረግጠዋለሁ፣ እሄዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የእኔ ደሴት ነበረች።

በዚያው ሰሞን አንድ አመሻሽ ላይ አባ ዑመር ሥራቸውን ቶሎ ዘግተው ክፍላቸው ገቡ። እኔ እራት ይዤ ተከተልኩ። ፋኖሱ ዝቅ ብሎ፣ የካውያው ፍም ቆርቆሮው ላይ እየከሰመ፣ ዘሪሁን ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከስቷል።

«አባ ዑመር፣ ባህሩን ለምን ተዉት?» አላቸው። እሳቸው ሙቀጫቸውን ወደ ጎን ገፉት። ያን ቀን ያወሩትን ከዚያ በፊት አውርተውት አያውቁም።

ጀልባዋ ላይ አይጥ የምትይዝ ድመት ነበረች። የጀልባዋ አዛዥ ያደረቀውን ዓሣ በላችበትና ተናደደ፤ ባህር ውስጥ ጣላት አላቸው። «ሆዷ ሞልቷል፣» አሉ አባ ዑመር። «ልትወልድ ነው። እጄ እምቢ አለ። በሽርጤ ጠቅልዬ ደሴቷ ላይ ወረድኩ፤ ድንጋይ ሥር አስቀመጥኳት፤ ዓሣ ሰጠኋት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አላህ ዛሬ ወደደኝ አልኩ።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ነፋስ ጠልፏቸው ጀልባዋ እዚያው ደሴት ተጠጋች። አባ ዑመር ዜማውን ሊሰሙ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ዓለቱ ላይ ተቀመጡ።

«ነፋስ ሰማሁ። ውሃ ሰማሁ። ሌላ የለም። ፀሐይ ወጣች፤ የለም። ድንጋይ እያነሳሁ አየሁ፤ ላባ ብቻ። ድመቶቹ መጡ፣ ብዙ ናቸው፣ ከስተዋል፤ እግሬን ይታከካሉ። ወፎቹ እኮ አልሸሹም ያ ቢንቲ! ድመቷን እንደ እኔ ነው ያዩዋት። በእግራቸው ነው ወደሷ የሄዱት።»

«ሌላኛዋ ደሴት ላይ ያሉትስ?» አለ ዘሪሁን።

«እነሱ ሌላ ናቸው። ያኛው ዜማ አልቋል። አሁን ያለው እዚህ ነው፣» ብለው ድዳቸውን በጣታቸው ነኩ፣ «ከዚህ ደግሞ አይወጣም።»

እኔ ተናደድኩ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። «እንዴት አላወቁም? ድመት ወፍ እንደምትበላ ሕፃን ልጅ ያውቃል እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እረፊ አንቺ!» አለ ዘሪሁን።

«ተዋት፤ እውነቷን ነው፣» አሉ አባ ዑመር። «አውቅ ነበር። አላሰብኩትም እንጂ አውቅ ነበር።»

ሞኝ ናቸው አልኩ በሆዴ። አንድ ነገር ብቻ ወደው ሌላውን ያላዩ ሞኝ ሽማግሌ። ይህን እያልኩ ከመዳፌ የፍየል ሽታ ይሸተኝ ነበር። አይገርምም? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አራት ቀን አላለፈም። አሥር ሰዓት አካባቢ በሩን ቆልፌ ፍየሎቼን እያበላሁ መላኩ መጣ። መላኩ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነበር፤ ጠመንጃውን አንግቶ ጉንጩን በጫት ወጥሮ የሚዞር፣ ለልጅ ከረሜላ የሚሰጥ ሰው። ፍየሎቹን አየና ሳቀ። «ኧረ ገበያ ከፍተሻል!» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ሥር አንድ የጫት እንጨት አነሳ። ለስላሳው ልጣጭ በጥርስ ተግጦ ተልጧል። ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው።

«የማነው ይሄ?»

«የአባ ዑመር፣» አልኩ ፈጠን ብዬ። ብልህ መልስ የመለስኩ መሰለኝ። ሌላ ሰው የለም ማለቴ ነበር።

«አባ ዑመር ጥርስ አበቀሉ እንዴ?»

ራሴን ዳበስ ዳበስ አድርጎ እንጨቱን ኪሱ ከተተና ሄደ።

እንግዲህ ይህችን ነው ልነግራችሁ የተቀመጥኩት። ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ብል ቀላል ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ነው፣ ሕፃን ነች ትሉልኛላችሁ። ከዚያ በር እስከ ሱቃችን በረንዳ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ሄጄ ለአባ ዑመር አንድ ቃል ብተነፍስ ዘሪሁን በአጥር ዘሎ በወንዙ ሸለቆ በኩል ይወጣ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበረን። ግን ብናገር «ገረባው ምን ሊያደርግ ውጭ ወጣ?» እባላለሁ። የአባቴ ቀበቶ ታየኝ። መላኩ ቀልዶ ነው፣ ሳቀ አይደል፣ ከረሜላ የሚሰጥ ሰው አይደል እያልኩ ቤት ገባሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የቤት ሥራዬን ሠራሁ፤ ሒሳብ ነበር። ቀበቶ ፈርቼ ወንድሜን ሰጠሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። አምስት ነበሩ፣ መላኩ ከኋላ። ቁልፍ አልጠየቁም፣ በሩን በእግራቸው ከፈቱት። ከተቀመጠበት ቦታ እንኳን ሳይነሳ ያዙት። አባ ዑመር ከበረንዳው እየሮጡ መጥተው በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ «ልጄ ነው! የኔ ልጅ ነው!» ይላሉ፤ በሰደፍ ሲመቷቸው ወደቁ። እናቴ የመጡበት መኪና ፊት ተኛች፤ ጎትተው አነሷት። ዘሪሁን ብርሃን ስላጣ ዓይኑን እያጨናበሰ ወጣ። ፍየሎቹ እዚያው ግድግዳው ሥር ተሰልፈው እየጠበቁ ነበር። አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። ገብቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን እንደገባው አድርጌ ነው የምኖረው።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ። ደህና ነኝ፣ ካልሲ ላኩልኝ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

አባ ዑመር ሁለት ወር ታስረው አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ተፈቱ። አባቴ እስኪቀመጡ እንኳን አልጠበቀም። እናቴም እኔም በረንዳው ላይ ነበርን።

«ያጋለጠው ገረባው ነው ብለውኛል። ውጭ የጣለው ማነው?»

አባ ዑመር ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ ነኝ፣» አሉ። «ሽማግሌ ነኝ። ረሳሁ።»

አባቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አላቸው። ሌላውን ስድብ አልደግመውም። የስፌት መኪናውን አንስቶ ከበረንዳው ወረወረው፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው መንኮራኩሩን ከአፈር ሲፈልጉ ቆመን አየናቸው። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንድ በረንዳ ለምነው ገቡ። እኔ ትምህርት ቤት የምሄድበትን መንገድ ቀየርኩ። አንዴ ብቻ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። «ያ ቢንቲ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቂም የለም። ቂም ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ሮጥኩ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በአዲስ አበባና በሐረር መንገድ እየለመነ ያልፍ ነበር። እናቴ ፎቶ ይዛ አስፋልት ዳር ስትውል ክረምቱ አለቀ። በዚያው ክረምት አንድ ዓርብ ቀን ሦስት ሰዎች ሱቃችን ገቡ። አባ ዑመር አርፈዋል። ከጁምዓ በኋላ ሊቀብሯቸው ነው፤ የሙስሊሞቹ ሱቆች ለሶላት ተዘግተዋል፤ ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ ፈልገው ነው።

«የለም፣» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

ሰዎቹ ግራ ገባቸው። አንደኛው፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ የዘሪሁንን ቦታ ይዤ ጨርቅ የምለካው እኔ ነበርኩ። «እስቲ አንቺ እይልን ልጄ። ሰውዬው ዘመድ የለውም።»

አቡጀዲው ከጀርባዬ ነበር። ጣቃው ትከሻዬን ይነካኛል። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምን እንደምል ለማየት። ስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም።

«አልቋል፣» አልኩ።

ሽማግሌው ጣቃውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «አላህ ይስጥሽ» ብለው ወጡ።

ተረት ልጅ ያንጻል ይላሉ። እኔ ከአባ ዑመር ተረት ያልያዝኩት ነገር የለም፤ ስለ ጎጆዋ፣ ስለ ጤዛው፣ ስለ እንቁላሏ ብትጠይቁኝ ዛሬም አንድ ሳላስቀር እነግራችኋለሁ። አንድም ቀን አልጠቀመኝም። አባቴ ሲሞት እንኳን አባ ዑመርን እየረገመ ነው የሞተው፤ አጠገቡ ነበርኩ፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ዝም አልኩ። እናቴ እስካሁን አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ዘሪሁንን ግን ይመጣል ትላለች፤ ያን ሽማግሌም እግዜር ይፍረድበት ትላለች። ይህን የጻፍኩት እሷ ማንበብ ስለማትችል ነው።